«ትለምደዋለች» ለሚል ሁሉ

«ግድ የለም፣ ትለምደዋለች!» ይላል ነባሩ። ዓመታት በጫካ መንገድ ብስክሌት ሲነዳ ኖሯል። የሚናገረው ስለ ሚስቱ ነው። ሄልሜቷ ገና ዛሬ ከካርቶኑ ወጣ፤ የትኛው ፍሬን የኋላውን ጎማ እንደሚይዝ እንኳ አልነገራትም። መልሴ ይኸውና፦ ሰው የሚለምደው የቻለውን ነው፤ ያልቻለውንማ ይሸሸዋል። ልጅም በጥሬ ሥጋ ጡት አይጥልም።

«እኔም የተማርኩት ወድቄ ነው» ይጨምራል። ወንድሜ፣ አንተ የወደቅከው ራስህ በመረጥከው ድንጋይ ላይ ነው። እሷ የምትወድቀው አንተ በመረጥክላት ላይ ነው። ቁስሉ ቢመሳሰል ቂሙ አይመሳሰልም።

«ምን አጠፋሁ? የወሰድኳት እኮ አረንጓዴ መንገድ ነው!» እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ ጥሉ የሚነሳው ከዚህ ቀለም ነውና። በአሜሪካ ብዙ ፓርኮች የሚከተሉትን ምልክት ያወጣው ኢምባ የሚባለው ዓለም አቀፍ የተራራ ብስክሌት ማኅበር ነው፤ ሐሳቡን የወሰደው ከበረዶ ሸርተቴ ሜዳዎች ነው። ነጭ ክብ በጣም ቀላል፣ አረንጓዴ ክብ ቀላል፣ ሰማያዊ ካሬ መካከለኛ፣ ጥቁር ዳይመንድ ከባድ። በመለኪያው መሠረት አረንጓዴው ቢያንስ 90 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሰፋል፤ አማካይ ዳገቱ ከ5 በመቶ አይበልጥም፤ ዞረህ የማታመልጠው እንቅፋት ቢኖር ከ5 ሳንቲ ሜትር አይዘልም። ሰማያዊው ላይ ስፋቱ ወደ 60 ይጠባል፣ አማካይ ዳገቱ እስከ 10 በመቶ ይደርሳል፣ እንቅፋቱም 20 ሳንቲ ሜትር ሊቆም ይችላል። «አንድ ደረጃ ብቻ እንጨምር» ስትላት የምትጨምርባት ይህን ነው፤ አራት እጥፍ እንቅፋት።

«እንግዲያው አረንጓዴ ከሆነ ምን ቀረ?» የቀረውማ ብዙ ነው። ቀለሙ የሚነግርህ መንገዱ ምን ያህል ብልሃት እንደሚጠይቅ እንጂ ምን ያህል እንደሚያደክም አይደለም። 3 ኪሎ ሜትሩም 25 ኪሎ ሜትሩም እኩል አረንጓዴ ነው። አማካዩ 5 በመቶ ነው ማለትም 15 በመቶ የሚደርስ አጭር ዳገት አይገጥማትም ማለት አይደለም፤ መለኪያው ራሱ ይፈቅደዋል። በጎኑ ገደል ይኑር አይኑርም ቀለሙን አይተህ አታውቅም። የጀማሪ ዓይን ገደል ካየ ከገደሉ አይነቀልም፤ ብስክሌት ደግሞ ዓይን ወዳየበት ይሄዳል። አገር ስትቀይርም ቀለሙን ይዘህ አትሂድ፦ እንግሊዝ ውስጥ በሰማያዊና በጥቁር መካከል ቀይ የሚባል ደረጃ አለ።

ስለዚህ መንገዱን አስቀድመህ ብቻህን ሂድበት። ለፍጥነት አትሂድ። ፍሬን ይዘህ፣ በየመታጠፊያው እየቆምክ፣ «እዚህ ብትደክም በየት በኩል ወደ መኪናው ትመለሳለች?» እያልክ ሂድ። መውጫ የሌለው 12 ኪሎ ሜትር ሄዳችሁ ከምትታሰሩበት፣ መኪና ማቆሚያው አጠገብ የሚያልፍ 4 ኪሎ ሜትር ዙር ይሻላል። ከወደደችው ሁለተኛ ትዞረዋለች፤ ከሰለቻት ቤቷ ትገባለች።

«እዚህ ዋሺንግተን ዲሲ አካባቢ ለጀማሪ የሚሆን የት አለና?» ይህማ ሰበብ ነው። ከጆርጅታውን ተነስቶ ሜሪላንድ ኩምበርላንድ ድረስ 297 ኪሎ ሜትር የሚዘልቀው የቼሳፒክና ኦሃዮ ቦይ መንገድ ደጃችሁ ላይ ነው። «እሱማ የበቅሎ መንገድ ነው!» ትለኛለህ። አዎ፣ በእርግጥም የበቅሎ መንገድ ነው! እስከ 1924 እ.ኤ.አ. ድረስ በቅሎዎች ዕቃ የጫኑ ጀልባዎችን በገመድ እየሳቡ ይሄዱበት ነበር። ለበቅሎ ብለው ስላስተካከሉት ሜዳ ነው፤ አፈርና ጠጠር ስለሆነም ጎማ ከአስፋልት ሌላ ነገር ሲነካ ምን እንደሚመስል እጇ ይማራል። ማርሽ መቀየር ብቻ የሚያስቸግራት ከሆነ ደግሞ ከሸርሊንግተን እስከ ፐርሴልቪል 72 ኪሎ ሜትር ያህል የተነጠፈው የደብሊው ኦ ዲ መንገድ አለ። ከዚያ በኋላ ፌርፋክስ ካውንቲ ውስጥ ያለው ፋውንቴንሄድ ፓርክ ውሰዳት፤ አረንጓዴ፣ ሰማያዊና ጥቁር ክፍሎች አሉት። አረንጓዴውን ጨርሳችሁ ብትወጡ ማንም አይወቅሳችሁም። ዝናብ ከዘነበ ግን መንገዱ ስለሚዘጋ ከቤት ሳትወጡ አጣሩ። ክፍት በሆነ ሌላ ቦታም ቢሆን እርጥብ የዛፍ ሥር ለነባሩም አይታመንም።

«እሷ እኮ ሯጭ ናት፤ በትንፋሽ ትበልጠኛለች!» መልካም። ትንፋሿ ዳገቱን ያወጣታል። ቁልቁለቱን የሚያወርደው ግን ትንፋሽ አይደለም፤ እጅ፣ ዓይንና ፍሬን ነው። እነሱን ሣር ላይ አስተምራት። በአሜሪካ አብዛኛውን ጊዜ የቀኝ እጅ ፍሬን የኋላውን ጎማ፣ የግራው የፊቱን ይይዛል። ሁለቱንም ቀስ ብላ ትጫን፤ የፊቱን ብቻ በድንገት የጨመቀ ሰው በመሪው ላይ ተሻግሮ ይወድቃል። ቁልቁለት ከመጀመሯ በፊት ኮርቻውን ዝቅ አድርግላት። ፔዳሎቹን እኩል አድርጋ ትቁምባቸው፤ ዓይኗ ከፊት ጎማው ሥር ሳይሆን ራቅ ብሎ ይይ። ጫማ የሚቆልፍ ፔዳል አሁን አያስፈልጋትም፤ እግሯን መሬት ላይ ማሳረፍ መቻሏ ግማሽ ድፍረቷ ነው።

«ኧረ እኔ ሁልጊዜ እየቆምኩ እጠብቃታለሁ!» ትጠብቃታለህ፤ እሷ ስትደርስ ደግሞ ተነስተህ ትሄዳለህ። አንተ አምስት ደቂቃ አርፈሃል፤ እሷ አንድም አላረፈችም። በዚህ ዓይነት ቀኑን ሙሉ የሚያርፈው ብርቱው፣ የማያርፈው ደካማው ይሆናል። ከዚህ የባሰ ግፍ በጫካ ውስጥ አላውቅም። እሷ ትቅደም፣ ፍጥነቱን እሷ ትወስን፤ ስትቆምም ውሃ ጠጥታ ትንፋሿ እስኪመለስ «እንሂድ» የሚል ቃል ካንተ አፍ አይውጣ።

«ክረምት አዲስ አበባ ስንሄድ እንጦጦ ላይ እናሳያታለን» የምትሉም አላችሁ። በ2013 ዓ.ም. በተመረቀው የእንጦጦ ፓርክ የብስክሌት መንገድ አለ፤ ጥዱም ባሕር ዛፉም ያምራል። ግን ከባሕር ጠለል ብዙም ከማትርቀው የቨርጂኒያዋ አሌክሳንድሪያ መጥታችሁ ከ3,000 ሜትር በላይ ልትነዱ ነው። እዚያ ላይ ቀላሉ መንገድም ትንፋሽ ያሳጥራል። መጀመሪያ ጥቂት ቀናት አዲስ አበባ ውስጥ ሰንብቱ፤ ስትወጡም የለመዳችሁትን ርዝመት በግማሽ ቀንሱ።

አንቺም እህቴ፣ ነባሯ አንቺ ከሆንሽ ሕጉ ያው ነው፤ እንዲያውም ይጠብቃል። ወንድ ልጅ «ፈራሁ» ከሚል ክንዱ ቢላጥ ይመርጣልና። «ትችላለህ?» ብለሽ አትጠይቂው፤ «እችላለሁ» ይልሻል። «የትኛው ይከብድሃል? ዳገቱ፣ ድንጋዩ ወይስ ቁልቁለቱ?» በይው። መንገዱን በመልሱ ምረጪ።

«ታዲያ እኔ መቼ ልንዳ?» ይላል ነባሩ በመጨረሻ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ጥቁር ዳይመንዱን፣ ከእኩዮችህ ጋር። ቅዳሜ ግን የሷ ናት። ካርታውን ስጣት፣ መንገዱን ትምረጥ፤ አንተ ውሃውን፣ ፓምፑንና ትርፍ ካላማዳሪያውን ተሸከም።