ይድረስ ለከተማችን ጣቢያ

የተከበራችሁ የጣቢያችን አዘጋጆች፣ እኛ እዚህ ዲቤንዶርፍ፣ ከዙሪክ በባቡር ጥቂት ደቂቃ ርቀን፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የቸገረን ሬድዮ ብቻ ነው።

ይህች ከተማ የስዊዘርላንድ ወታደራዊ አቪዬሽን ያደገባት ሜዳ ስላላት፣ ሰዉ ስለ አየር ያውቃል ብዬ ነበር። አየር ላይ ስለሚውለው ነገር ግን አንዳች የሚያውቅ አላገኘሁም። እ.ኤ.አ. በ2024 የመጨረሻ ቀን፣ የአገሪቱ የሕዝብ ብሮድካስት ድርጅት ኤስአርጂ የኤፍኤም ማሰራጫዎቹን አጠፋቸው። ዳብ ፕላስ የሚሉት ዲጂታል ስርጭት ይረክሳል፣ ይጠራልም ተብሎ ነው። አዲሱን መቀበያ ያልገዛ አድማጭ አቅጣጫ እስኪቀመጥለት አልጠበቀም። ቁልፉን አዙሮ ወደ ግል ጣቢያዎች ሄደ፤ ጠረፍ ላይ ያለው ደግሞ ወደ ጎረቤት አገር ተሻገረ። ጋዜጦቹም ስንት አድማጭ እንደጠፋ ቆጥረው ጻፉ። እኔን የገረመኝ አድማጭ መጥፋቱ አይደለም፤ መቆጠሩ ነው። እናንተ አድማጭ ቆጥራችሁ አታውቁም። እምነታችሁ ትልቅ ነው።

የእነዚህን ሰዎች ምስጋና ቢስነት ልንገራችሁ። እያንዳንዱ ቤተሰብ በዓመት 335 ፍራንክ ለሬድዮና ለቴሌቪዥን ይከፍላል። ከዚያ ላይ ለየአካባቢው ትናንሽ ጣቢያዎች ድርሻ ይወጣላቸዋል። ጣቢያው ገንዘቡን ተቀብሎ ሲያበቃ፣ በማግሥቱ የማዘጋጃ ቤቱን ሹም ስቱዲዮ ጠርቶ «መንገዱ ለምን ዘገየ?» ይለዋል። የበላበትን ወጪት ሰባሪ ማለት ይህ ነው። ይባስ ብሎ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2018 ክፍያው ይቅር ወይስ ይቆይ ተብሎ ሕዝቡ ሲጠየቅ፣ ከመቶ 71 የሚሆነው ይቆይ አለ። ሹሞቹን የሚያፋጥጥ ሬድዮ እንዳይዘጋ ሰዉ ድምፅ ሰጠ! እኛ ዘንድ ድምፅ የሚሰጠው ሬድዮው ነው፤ ሕዝቡ ተቀብሎ ያመሰግናል።

ዙሪክ ውስጥ ደግሞ ሎራ የሚባል ጣቢያ አለ። እ.ኤ.አ. ከ1983 ጀምሮ ያለ ማስታወቂያ ይሠራል፤ ስደተኛውም በየቋንቋው ማይክ ይዞ ይገባበታል። አንድ ቀን በሩ ላይ ቆሜ የመግቢያ ደብዳቤ የሚጠይቅ ሰው ብፈልግ አጣሁ። በደብዳቤ ያልመጣ ሐሳብ ምን ዓይነት ሐሳብ ሊሆን እንደሚችል እናንተው ፍረዱ።

የጥፋቱ ሥር የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 ሮጀር ሻቪንስኪ የሚባል ጋዜጠኛ፣ አገሩ የግል ሬድዮ አልፈቅድም ብትለው ድንበር ተሻግሮ፣ ሦስት ሺህ ሜትር ከሚጠጋው የጣሊያኑ ግሮፔራ ተራራ ላይ ማሰራጫ ተከለና ወደ ዙሪክ ያንቆረቁር ጀመር። በስዊዘርላንድ ግፊት የጣሊያን ፖሊስ ደጋግሞ አሸገበት። አድማጩ ግን ፊርማ አሰባስቦ አደባባይ ወጣ፤ መንግሥትም እ.ኤ.አ. በ1983 የአካባቢ ሬድዮዎችን ፈቀደ። ከዚህ ድክመት እኛ ትምህርት ወስደናል። ከውጭ የሚመጣ ድምፅ ሲያስቸግር ተራራ መውጣት አያስፈልግም፤ ሞገዱን እዚያው አየር ላይ ማወክ ነው። በመጋቢት 2002 ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ የአሜሪካ ድምፅን የአማርኛ ስርጭት ለማወክ አቅም እየተገነባ መሆኑን በአደባባይ ተናግረዋል። ይህን የመሰለ ግልጽነት ስዊዞች ከየት ያመጡታል?

ከጄኔቫ ጋር እንኳ የቆየ ዝምድና አለን። መሥሪያ ቤቱ እዚያ የሆነው የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን በ1955 አዲስ አበባ ላይ ብሥራተ ወንጌል ሬድዮን ከፈተ። በመጋቢት 1969 ደርግ ወረሰውና የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ድምፅ ብሎ ሰየመው። አንቴናው ያው፣ ማሰራጫው ያው፤ ብሥራቱ ብቻ ተቀየረ። ከዚያ ወዲህ ብሥራት ተቋርጦብን አያውቅም።

ኤፍኤሙም ቢሆን የጄኔቫ እጅ አለበት። የዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት አባላት እ.ኤ.አ. በ1984 እዚያው ተሰብስበው፣ ከ87.5 እስከ 108 ሜጋኸርዝ ያለውን ሞገድ ለአውሮፓና ለአፍሪካ አገሮች ደለደሉ። አንዱ ጣቢያ ሌላውን እንዳይረብሽ ብለው ነው ያን ሁሉ የደከሙት። በከንቱ! እኛ ዘንድ ሁሉም ጣቢያ አንድ ነገር ስለሚናገር ማን ማንን ይረብሻል? ጆሮዬ ከአንዱ ከተማ ወደ ሌላው ሲሻገር ዓረፍተ ነገሩ እንኳ አይቋረጥበትም። አንዱ «በቁርጠኝነት» ብሎ ሲጀምር ሌላው «ተጠናክሮ ይቀጥላል» ብሎ ይዘጋል።

ስለ ስብሰባ ዜናችሁ ሳላመሰግን አላልፍም። እዚህ ዲቤንዶርፍ ኤምፓ የሚባል የፌዴራል ቤተ ሙከራ አለ፤ ብረትና ኮንክሪት ስንት ጫና ችሎ እንደሚሰበር ይፈትሻል። የስብሰባ ዜናችሁን የለመደው የከተማችን አድማጭ ጆሮ እዚያ ቢገባ የሚሰበረው መሣሪያው ነው።

እናቴ ሬድዮኗን እንደ ዱሮው ዳንቴል አልብሳ ቡፌው ላይ አስቀምጣታለች። ስደውል ስልኩን ታስጠጋልኝና አብረን እናዳምጣችኋለን። «እማዬ፣ ውኃው እንዴት ሆነ?» ስላት፣ «ሽፋኑ አድጓል ይላሉ ልጄ፤ እኔ ከዚህች ከዳንቴሏ ሌላ ሽፋን አላየሁም» አለችኝ። ይቅር በሏት፤ የዕድሜ ነገር ነው፣ ዜናውን ትታ ጀሪካኑን ታያለች። ለውኃው ችግር ተገቢውን ሽፋን የሰጣችሁት እናንተ መሆናችሁን ግን እኔ እመሰክራለሁ።

የነዋሪዎች ጥያቄና መልስ ማክሰኞ እንደሚተላለፍ ነግራችሁን ነበር። ቃላችሁን ጠብቃችኋል፤ ተላልፏል። ለቀጣዩ ማክሰኞም እንደዚሁ ተላልፏል።

ከነሐሴ 2015 ወዲህ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት እረፍት በወጣ ጊዜ፣ የሰዉ ጆሮ ሁሉ ወደ እናንተ ዞሮ ነበር። መንገዱ ያሳልፋል ወይ፣ ገበያው ይቆማል ወይ፣ ልጆቹ ትምህርት ቤት ይሂዱ ወይ? ሰው ይህን ሊሰማ ባትሪ ገዝቶ ተቀመጠ። እናንተ ስለ ንብ ማነብ ሰፊ ዝግጅት አቀረባችሁልን። ሰሙ ከማሩ እንዴት እንደሚለይ በዝርዝር አስረዳችሁን፤ የለየም ለየ።

ችግራችሁን አላውቅም እንዳትሉኝ። ሕጉ ከ1999ኙ አዋጅ ቁጥር 533 ጀምሮ የሕዝብ፣ የንግድና የማኅበረሰብ ብሎ ሬድዮን በሦስት ከፍሎታል። የ2013ቱ አዋጅ ቁጥር 1238ም የማኅበረሰብ ሬድዮ ባለቤቱ ማኅበረሰቡ ነው ይላል። ባለቤቱ ግን ናፍጣ የለውም። የጄኔሬተሩ ነዳጅ ከመንግሥት ጽሕፈት ቤት፣ መኪናው ከጽሕፈት ቤቱ፣ አበሉ ከስብሰባው ነው። በትንሽ ከተማ ማስታወቂያ የሚያስነግር ነጋዴ ስንት አለ? ባለ ሆቴሉ፣ ባለ ወፍጮው፣ ከዚያ በኋላ ቢሮዎች ናቸው። ስለዚህ ስብሰባው ዜና፣ ዜናው አበል፣ አበሉ ምሳ ይሆናል። ወጣቱ ጋዜጠኛችሁም ከእናቴ ጋር የውኃ ወረፋ ይሰለፋል። እዚያ የሰማውን ሁሉ ስቱዲዮው በር ላይ፣ እንደ ጫማ ጭቃ፣ አራግፎ ይገባል። ምንጣፉ እንዳይቆሽሽ ነው፤ ምንጣፉም የጽሕፈት ቤቱ ነው።

ስለዚህ የስዊዞቹን ነገር እንዳትመኙት አደራ። እነሱ ሞገዱን ዘግተው ድምፁን አስቀጥለዋል። እናንተ ሞገዱን አስቀጥላችኋል።

በመጨረሻ፣ ለጣቢያችሁ መለያ ይሁናችሁ ብዬ ሁለት ስንኝ ልኬያለሁ። ከማለዳው ዜና በፊት በክራር አጅባችሁ ብታሰሙት ለጆሮ ይጥማል። ኃላፊው ትርጉሙን ከጠየቁም፣ ስለ ሞገድ ጥራት የተገጠመ ነው በሏቸው፤ እውነት ነው።

ጣቢያው እየጠራ መንደሩን ቀሰቀሰ፤
ድምፅ የሰጠው ሁሉ ድምፁ አልተመለሰ።

የዘወትር አድማጫችሁ፣
ከዲቤንዶርፍ