ያልተበላሸች መኪና ጋራዥ ስለማስገባት

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

ይድረስ ለጋሼ፤ በመጨረሻው ደብዳቤዎ «ደህና የምትሄድ መኪና ከፍሎ ማስፈተሽ የፈረንጅ ቅብጠት ነው» ብለዋል። ዕድሜዎን በሙሉ ኮፋኖ ሥር ላሳለፉ ሰው መልስ መስጠት ድፍረት ነው፤ ቢሆንም በዚህ ነገር ልከራከርዎ ነው። የምለው አጭር ነው፤ ማስረጃው ግን ረዘም ይላል። የተራዘመ ዋስትና ያላት አሮጌ መኪና ዋስትናዋ ሊያልቅ ሁለት ሦስት ወር ሲቀረው፣ ምንም ባትሆን እንኳ፣ የሸጣት ድርጅት ሠራተኛ ባልሆነ መካኒክ ከላይ እስከ ታች መፈተሽ አለባት።

በመጀመሪያ ሥርዓቱን ላስረዳዎ። እዚህ አዲስ ቶዮታ የገዛ ሰው ለመላው መኪና የ3 ዓመት ወይም የ36,000 ማይል፣ ለሞተርና ለካምቢዮ የ5 ዓመት ወይም የ60,000 ማይል ዋስትና ከፋብሪካው ያገኛል። ሀዩንዳይና ኪያ ለመጀመሪያው ባለቤት ሞተርና ካምቢዮውን እስከ 10 ዓመት ወይም 100,000 ማይል (160,000 ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው) ይሸፍናሉ። ዓመቱና ማይሉ ከሁለቱ ቀድሞ የሞላው ዋስትናውን ይዘጋዋል፤ ቀን ከሌት ለሚነዳው ወገናችን ቀድሞ የሚሞላው ሁልጊዜ ማይሉ ነው። ከዚያ በኋላ የሚመጣው «የተራዘመ ዋስትና» በገንዘብ የሚገዛ የአገልግሎት ውል ነው። ዕድርን ያስቡ፦ መዋጮ አለ፣ መተዳደሪያ ደንብ አለ፣ ድንኳኑም የሚተከለው ደንቡ ታይቶ ነው። ልዩነቱ የዕድሩ ዳኛ ጎረቤትዎ መሆኑ ነው። የዚህኛው ዳኛ ግን መኪናዋን አይቷት የማያውቅ፣ በሌላ ከተማ ስልክ ይዞ የተቀመጠ ሰው ነው፤ የሚያውቀውም ቀኑን፣ ማይሉንና ወረቀቱን ብቻ ነው።

«ያልተበላሸ አይነካም» የሚለው ደንብዎ በአዲስ አበባ አያጣላንም። እዚያ ዕቃው ከሶማሌ ተራ ይፈለጋል፣ የእጅ ዋጋው በወዳጅነት ይቆረጣል፤ ብልሽት ሲመጣ የሚያስከትለው ምሬት ከአንድ ሳምንት አይዘልም። እዚህ የመካኒክ አንድ ሰዓት ብቻውን ከ100 ዶላር በላይ ነው፤ ካምቢዮ ማስቀየር ደግሞ በሺዎች ይቆጠራል። ደንብዎን የሚያፈርሰው ግን ዋጋው አይደለም። መኪና ከመቆሟ በፊት ለወራት ዝም ብላ እንደምትጎዳ ከእርስዎ በላይ የሚያውቅ የለም። የውሃ ፖምፓ ከመሞቱ በፊት ጥቂት በጥቂት እያዠ ዙሪያው ላይ የደረቀ ቅርፊት ይተዋል። የአክስሉ የጎማ ሽፋን ሲቀደድ ቅባቱን ወደ ውስጠኛው የቸርኬ ገጽ ይረጫል። ከሾፌሩ ወንበር ሆኖ ይህን የሚያይ የለም፤ «ደህና ትሄዳለች» የሚለው ምስክርነት ደግሞ የሚሰጠው ከዚያው ወንበር ላይ ነው።

እርስዎ የሚወዱትን ቶዮታን ራሱን በምስክርነት ልጥራ። ከ2007 እስከ 2009 ሞዴል (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ከወጡት ባለ 2.4 ሊትር ካምሪዎች ብዙዎቹ ዘይት የሚበሉ ሆነው ተገኙ። ድምፅ የለም፣ ጉልበት አልቀነሰም፣ መብራት አልበራም፤ ዘይቱ ብቻ ይጎድላል። ጥፋቱ ከፒስተኑና ከቀለበቶቹ ነበር። ቶዮታ በኋላ ለእነዚህ ሞተሮች ሽፋኑን አራዝሞ ፒስተንና ቀለበት በነጻ ቀይሯል፤ ግን ባለቤቱ ስላለ ብቻ አልቀየረም። መጀመሪያ ዘይቱ በልኩ ይሞላ ነበር፤ ከዚያ 1,200 ማይል ነድተህ ተመለስ ይባል ነበር፤ በዚያ ርቀት አንድ ሊትር ገደማ ከጎደለ ያን ጊዜ ይሠራ ነበር። 1,200 ማይል ወደ 1,930 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከአዲስ አበባ ጎንደር ደርሶ መልስ ተሂዶበትም ይተርፋል። ዋስትናው ሊያልቅ አራት ቀን ሲቀረው የነቃ ሰው ይህን መንገድ በምን ጊዜው ይነዳዋል? ዘይቱን በመለኪያው ዘንግ እየለካ የመዘገበ ግን ሁለት ወር ቀደም ብሎ ጉዳዩን ይጀምራል። ሁለት ሦስት ወር ማለቴም ለዚህ ነው፤ ጥፋት ማግኘት የአንድ ቀን ሥራ ሊሆን ይችላል፣ ማስረዳቱ ግን ሳምንታት ይወስዳል።

ፍተሻው ታዲያ ኮፋኖ ከፍቶ ራስ መነቅነቅ እንዳይሆን። መኪናዋ ማታ ተሰጥታ ጋራዥ ማደር አለባት፤ የላላ ካቴና የሚንኳኳው ጠዋት በቀዝቃዛው ስትነሳ ለጥቂት ሰከንድ ነው፣ ሞተሩ ሲሞቅ እንደ ጨዋ ልጅ ጸጥ ይላል። የራዲያተሩ መስመር በእጅ ፓምፕ ግፊት ተሰጥቶት መርፌው ይወርድ እንደሆነ ይታያል። የዘይቱ መነሻ ካልታወቀ የሚያበራ ቀለም ይጨመርበትና ጥቂት ቀን ከተነዳች በኋላ በአልትራቫዮሌት መብራት ይፈለጋል። ይህ አስፈላጊ ነው፣ ምክንያቱም የዋስትና ኩባንያዎቹ አብዛኛውን ጊዜ ዘይት ሞተሩን ላብ ላብ ሲያደርገው አይከፍሉም፤ መሬት ላይ ሲንጠባጠብ ነው የሚከፍሉት። ከ1996 ሞዴል ወዲህ እዚህ የሚሸጥ የቤት መኪና ሁሉ አንድ ዓይነት የኮምፒውተር ሶኬት እንዲኖረው ሕግ ያስገድዳል፤ የቼክ ኢንጂን መብራት ባይበራም ኮምፒውተሩ ገና ያልጸና ጥርጣሬ መዝግቦ ሊገኝ ይችላል። መብራቱን ለማጥፋት ብሎ መዝገቡን የሚያስጠፋ ሰው አለ፤ ይህ ማስረጃን በገዛ እጅ ማቃጠል ነው፣ መኪናዋም ራሷን እንደገና መርምራ እስክትጨርስ ቀናት ይወስዳል። መስኮት፣ ኤሲ፣ የወንበር ማሞቂያ፣ የኋላ ካሜራ፣ የበር ቁልፍ አንድ በአንድ ይሞከራሉ። አሰልቺ ነው። በክረምት ኤሲ፣ በበጋ ማሞቂያ የሚሞክር ስለሌለ ግን ብዙ ብልሽት ወቅቱ እስኪመጣ ተደብቆ ይከርማል።

«የሸጠው ድርጅት ዘይት በተቀየረ ቁጥር በነጻ ይፈትሽ የለም ወይ?» የሚል ይኖራል። ይፈትሻል፤ አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ የተቀባ ወረቀትም ይሰጣል። ቀዩ የሚያርፍባቸውን ግን ልብ ይበሉ፦ የፍሬን ሸራ፣ የዝናብ መጥረጊያ፣ ፊልትሮ፣ ባትሪ፣ ጎማ። ሁሉም ውሉ በአብዛኛው የማይከፍልባቸው፣ ባለቤቱ ከኪሱ የሚያወጣባቸው ናቸው። ሌቦች ናቸው አላልኩም። በእነዚህ ድርጅቶች ብዙ መካኒክ የሚከፈለው ለሥራው አስቀድሞ በተተመነው ሰዓት ነው፤ ለዋስትና ሥራ የሚተመነው ደግሞ ደንበኛው ራሱ ለሚከፍለው ሥራ ከሚተመነው ብዙ ጊዜ ያንሳል። ሰው ያነሰ የሚከፈልበትን ሥራ ፍለጋ ሻማ አብርቶ አይሄድም። የመንግሥት ምርመራም ቢሆን አያድንም። ቨርጂኒያ እንደ አገር ቤቱ ቦሎ በየዓመቱ ፍሬን፣ መብራትና ጎማ ታያለች፤ ሞተሩ ዘይት ይብላ አይብላ ጉዳይዋ አይደለም። እኛ ሜሪላንድ ያለን ደግሞ የደኅንነት ምርመራ የሚያገኘን መኪናዋ ባለቤት ስትቀይር ነው።

ስለዚህ ምንም የማይሸጥ ዓይን ያስፈልጋል፤ አይቶም መጻፍ አለበት። ጽሑፉ ተይዞ ዋስትናውን ወደሚሠራው ጋራዥ ይኬዳል፤ እያንዳንዱ ነጥብ ከቀኑና ከማይሉ ጋር በሥራ ትእዛዙ ላይ እንዲሰፍር ይጠየቃል። «ነግሬያቸው ነበር» የሚባል ማስረጃ የለም። ዕቃው ቢዘገይ፣ ኩባንያው መርማሪ ልኮ ቢያመላልስ እንኳ ጥያቄው ከቀኑ በፊት መቅረቡ በወረቀት ይታያል። ሌላ ጋራዥ ከነካት ዋስትናው ይፈርሳል እያሉ የሚያስፈራሩም አሉ። ፋብሪካ ዋስትናውን ለራሱ ጋራዥና ለራሱ ዕቃ ብቻ እንዳያስር በ1975 የወጣው የማግኑሰን ሞስ ሕግ ይከለክለዋል፤ ማየት ደግሞ መንካት እንኳ አይደለም።

እናቴ ብትሰማ «ቆፍሮ ስህተት መፈለግ ነውር ነው» ትል ነበር። ነውሩ የሌለ ብልሽት መፍጠር ነው፤ ያለውን ማወቅ ነውር የለበትም። ገንዘቡ አስቀድሞ ተከፍሏል፤ ኩባንያውም ሲዋዋል ስንቱ ባለመኪና ሳይጠይቅ ቀኑ እንደሚያልፍበት አስቦ ነው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚለው ሕዝብ ልጆች ሆነን ሳለ በዚህ ጉዳይ ላይ ስናፍር ማየት ይገርመኛል። ከበድ ያለው ተቃውሞ ሌላ ነው፦ ፍተሻው ከ100 እስከ 250 ዶላር ያስወጣል፣ ምንም ላይገኝ ይችላል፣ የተገኘውም በውሉ ላይሸፈን ይችላል። ይህ እውነት ነው። ዝገትን አብዛኞቹ ውሎች አይነኩትም፤ በክረምት መንገዱ ላይ የሚረጨው ጨው ደግሞ ሻንሲ ይበላል። የዘይት ቅያሪ ደረሰኝ ያላስቀመጠ ሰው ሞተሩ ቢሰበርም ሊከለከል ይችላል። ለኡበርና ለምግብ ማድረስ የምትሠራ መኪና በብዙ ውሎች ከሽፋን ውጭ ናት፤ ይህን ሳያነብ በየወሩ የሚከፍል ወገን ጥቂት አይመስለኝም። ግን ይህ ሁሉ የሚለው ውሉን ከፍተሻው በፊት አንብቡ ነው፤ አትፈትሹ አይልም። ምንም ካልተገኘም መኪናዋ ትያዝ ወይስ ትሸጥ የሚለው ጥያቄ በግምት ከመመለስ ይድናል።

«ሲያልቅ ማደስ ነዋ!» ይሉኝ ይሆናል። መኪና ባረጀ ቁጥር ውሉ ይወደዳል፤ ብዙዎቹም አስቀድሞ የነበረ ብልሽትን አይሸፍኑም። የምን ብልሽት እንዳላት ሳያውቁ ማደስ እንግዲህ ባዶ ከረጢት መግዛት ነው። ስልክ ላይ «የመኪናዎ ዋስትና ሊያልቅ ነው» የሚለው የተቀዳ ድምፅ እዚህ አገር ከቤተ ዘመድ በላይ ይደውል ነበር፤ መኪና ለሌለውም ይደውል ነበር። በሐምሌ 2022 የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን ከ8 ቢሊዮን በላይ እንዲህ ያሉ ጥሪዎችን አሠራጭቷል በተባለው ቡድን ላይ የስልክ ኩባንያዎች መስመራቸውን እንዲዘጉ አዟል። አጭበርባሪው ስለ ቀኑ አልፎ አልፎ እውነቱን መናገሩ ነው የሚያናድደው።

አንድ ነገር ላስቸግርዎ። እዚህ ያለው ዘመድ ሁሉ ስልኩን ሞተሩ ላይ ደግኖ «ጋሼ፣ ይህ ድምፅ ምንድነው?» እያለ እንደሚደውልልዎ አውቃለሁ። ከእንግዲህ ድምፁን ከማድመጥዎ በፊት ዋስትናዋ የሚያልቅበትን ቀንና ማይሉን ይጠይቁልኝ፤ አላውቅም ያለውን ሰው ወረቀቱን ፈልጎ እስኪያነብልዎ ድረስ ምንም አይንገሩት።

አክባሪ ልጅዎ