ማሟሻ

እንጀራ ጋግሮ የሚያውቅ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ከምጣድ የምትወጣው የመጀመሪያዋ እንጀራ ለእንግዳ አትቀርብም። ዓይኗ ይጠፋል፣ ጠርዟ ይቀራል፣ አንዳንዴም ምጣዱን ሙጥኝ ብላ አልነሳም ትላለች። ማሟሻ ትባላለች። ልጆች ሳለን እሷን ለመሻማት ምጣድ ዳር እንኮለኮል ነበር። በርበሬና ዘይት ከተቀባች ጥፋቷ ሁሉ ይረሳል። ዛሬ የማወጋችሁ ስለ እኔ ማሟሻዎች ነው። የእኔዎቹ በርበሬ ቢቀቡም አይበሉም።

ከምንኖርበት ኮንዶሚኒየም ሥር አንዲት ፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ። አንድ የኮፒ ማሽን፣ አንድ ፕሪንተር፣ አንድ ኮምፒውተርና ደንበኛ የማይቀመጥባት አንዲት ወንበር። የማይቀመጥባት እግሯ ስለተሰበረ ነው። ባለቤቴ ደግሞ ሦስተኛ ፎቅ ላይ እንጀራ እየጋገረች ለሰፈሩ ሱቆች ታስረክባለች። ሰው ሲያገኘን «ሁለት ቢዝነስ!» ይለናል። ሁለት ቢዝነስ ማለት ሁለት ቦታ መክሰር የሚቻልበት አኗኗር መሆኑን ያወቅሁት ኋላ ነው።

ነገሩ የጀመረው ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው። የብር ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ተባለ፤ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። እኔ በሕይወቴ ዶላር ነክቼ አላውቅም፤ እሱ ግን ነካኝ። ወረቀቱም ቶነሩም ከውጭ ነው የሚመጣው። በዚያው ሰሞን፣ መስከረም 2017 ላይ፣ የኤሌክትሪክ ታሪፍ ተሻሻለ፤ በየሦስት ወሩ ትንሽ ትንሽ እየጨመረ አራት ዓመት እንደሚዘልቅም ተነገረ። «ተሻሻለ» የምትለዋን ቃል ልብ በሉልኝ። ዋጋ ሲሻሻል ወደ ታች ሲወርድ አይቼ አላውቅም።

ደንበኛዬም ተለወጠ። ድሮ ተማሪው መጽሐፉን ወርውሮልኝ «ከዚህ እስከዚህ» ብሎ ይሄድ ነበር። አሁን ገጹን ገልጦ «አንዱ ስንት ነው?» ይላል፤ እነግረዋለሁ፤ «ኧረ ይቅር» ይልና እዚያው ጠረጴዛዬ ላይ፣ በእኔው መብራት፣ በስልኩ ፎቶ አንስቶት ይወጣል። አንዱማ «ጋሼ፣ እጅዎን ትንሽ ያንሱልኝ፣ ጥላ ሆነብኝ» ብሎኛል። አነሳሁለት። ላይ ቤትም እንደዚያው ነው። በቀን አሥር እንጀራ የሚወስደው ቤተሰብ ስድስት መውሰድ ጀመረ፤ ሱቆቹም ትእዛዝ ቀነሱ።

የማይቀንሰው የካርድ ቆጣሪያችን ብቻ ሆነ። ካርድ ቆጣሪ የሌላችሁ እንደሆነ፣ እንደ ስልክ ነው፤ ቀድማችሁ ትሞላላችሁ፣ ሲያልቅ ይጠፋል። አንድ ቀን ሊጡ ኩፍ ብሎ፣ ምጣዱ ግሎ፣ ሰባተኛዋ እንጀራ ላይ ድርግም አለ። ባለቤቴ አክንባሎውን እንደያዘች በጨለማው ውስጥ ዞራ አየችኝ። በጨለማ ማየቷን በምን አወቅህ ብትሉኝ፣ ያገባ ሰው ያውቀዋል።

በማግሥቱ ቆጣቢ ሆንኩ። የመጀመሪያው እርምጃዬ መብራት ማጥፋት ነበር። ከክፍል ክፍል እየዞርኩ አጠፋለሁ። «አባዬ! ሽንት ቤት ውስጥ ነኝ!» የሚል ጩኸት በቀን ሦስት ጊዜ መስማት ለመድኩ። ትንሿ ልጄ ሽንት ቤት ስትገባ መዝፈን ጀመረች፤ ሰው እንዳለ እንዳውቅ ነው። አንድ ሳምንት እንዲህ ተዘፍኖም ካርዱ በለመደበት ቀን አለቀ።

ሁለተኛው እርምጃዬ ግዢ ነበር። መርካቶ ወረቀት ልገዛ ሄጄ፣ አንድ ወጣት ባነጠፈው ሸራ ላይ የሳሙና መያዣ የምታክል ነጭ ዕቃ አየሁ። ሶኬት ላይ ትሰካለች፤ አረንጓዴ መብራት ታበራለች፤ የቤቱን ፍጆታ በግማሽ ትቀንሳለች። ይህን ሁሉ የነገረኝ ወጣቱ ነው፤ ዕቃዋ ያሟላችው አረንጓዴውን መብራት ብቻ ነው። «ፋዘር፣ ይቺን የሰካ ሰው ቆጣሪው ይቆማል» አለኝ። «ይቆማል ወይስ ይቀንሳል?» ስለው «እንደ ዕድልዎ» አለኝ። የወረቀቱን ገንዘብ ሰጥቼው መጣሁ።

እዚህ ላይ የባለቤቴን ሒሳብ ላስረዳችሁ። እሷ ማንኛውንም ዋጋ በብር አትሰማም። ጫማ ስገዛ፣ ልጅ ስትታመም፣ ሠርግ ስንጠራ የምትጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፦ «ስንት እንጀራ ነው?» ከአንድ እንጀራ የሚቀራትን ትርፍ ስለምታውቅ በልቧ ታካፍለዋለች። ዕቃዋን ሰክቼ አረንጓዴው መብራት ሲበራ በኩራት ዞርኩ። «ስንት እንጀራ ነው?» አለች። ነገርኳት። አንገቷን ዘንበል አድርጋ አሰበችና «የሦስት ቀን ጋገራ» አለች። ከዚያ ወዲህ ዕቃዋ የቤት ስሟ «ሦስት ቀን» ሆነ።

ካርዱ አሁንም በቀኑ አለቀ። ያኔ ነው እጄን ምጣዱ ላይ ያነሳሁት።

የኤሌክትሪክ ምጣድ አሠራሩ ቀላል ነው። የሸክላው ጀርባ ላይ ቦይ ይወጣለታል፤ በቦዩ ውስጥ የተጠማዘዘው ሽቦ ይዞርበታል፤ ጀሶ ይደፈንበትና የብረት ድስቱ ላይ ይቀመጣል። ሽቦው የሚግለው ወደ ላይ ብቻ አይደለም። በጋገራ ሰዓት እጄን ከሥር ብሰድ ጠረጴዛው ራሱ ያቃጥላል። «ይኸውልሽ! ገንዘባችን ወደ ታች እየፈሰሰ ነው» አልኳት። እውነቴን ነው፤ ዛሬም እዚህ ላይ አልተሳሳትኩም። የተሳሳትኩት ቀጥሎ ነው። ብርድ ልብስ ሰውን እንደሚያሞቅ ምጣድንም ያሞቃል ብዬ፣ እሷ ገበያ ስትሄድ ምጣዱን ገልብጬ ሥሩን በአሮጌ ፍራሽ ጥጥ ጠቀጠቅሁት።

የመጀመሪያዎቹ አምስት እንጀራዎች በእርግጥ ቶሎ ወጡ። ኮራሁ። ስድስተኛዋ ላይ ጭስ ሸተተኝ፤ ዝም አልኩ። ስምንተኛዋ ላይ ባለቤቴ «ምንድን ነው የሚሸተኝ?» አለች። «ከጎረቤት ይሆናል» አልኩ። አሥረኛዋ ላይ ጎረቤት «ከእናንተ ቤት ነው» ብሎ በር አንኳኳ። ሶኬቱን ስንነቅል ጥጡ ከሰል ሆኖ፣ የሽቦው መገናኛ ቀልጦ ነበር። ከሁሉ የሚከፋው፣ ስምንቱ እንጀራ ቀድሞ ሱቅ ሄዷል። በማግሥቱ ባለሱቁ «እትዬ፣ የትናንቱ እንጀራ እንቅልፍ እንቅልፍ ይላል» ብሎ መለሰው። እግዜር ይስጠው፤ ፍራሽ ፍራሽ ይላል ማለቱ ነበር።

የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ተጠራ። ልጅ እግር ነው፤ ጥጡን አወጣ፣ አየኝ፣ ሳቁን ዋጠ። «ጋሼ፣ ሐሳብዎ ልክ ነው። ሙቀቱ እንዳይወርድ መከልከል ነው ትክክሉ። ግን የሚከለክለው ነገር የማይቃጠል መሆን አለበት» አለኝ። ከዚያ ዓይኑ «ሦስት ቀን» ላይ ዐረፈ። በካቻቪቴ ከፈታት። ውስጧ አንዲት ካፓሲተርና ያቺ አረንጓዴ አምፖል። «ይሄ ትልልቅ ሞተር ላለው ፋብሪካ በትልቁ ይሠራለታል። የእርስዎ ቆጣሪ የሚቆጥረው የበሉትን ኪሎዋት ሰዓት ነው። ምጣድ ሞተር የለውም፤ ያገኘውን ሁሉ ሙቀት ነው የሚያደርገው። ይቺ የምትቀንስለት ነገር የለም።» ዝም ብል ጨመረልኝ፦ «እንዲያውም ለአረንጓዴዋ መብራት ትንሽ ትበላለች።»

ከዚያ በአንድ የተበላሸ ኮፒ ጀርባ ላይ ሒሳብ ጻፈልኝ። ወረቀቱን እስከ ዛሬ ይዤዋለሁ። ምጣዳችን 3500 ዋት ነው። አምፖሎቻችን እያንዳንዳቸው 9 ዋት፤ አራቱ አምስት ሰዓት ቢበሩ 180 ዋት ሰዓት። ምጣዱ ይህን በሦስት ደቂቃ ይጨርሰዋል። በሦስት ደቂቃ ደግሞ ስንት እንጀራ ይወጣል? አንድ። ልጆቼን በጨለማ ሽንት ቤት ያስቀመጥኩት ምሽቱን ሙሉ ለአንድ እንጀራ ኖሯል።

ባለቤቴ ወረቀቱን ተቀብላ ለረጅም ጊዜ አየችው። የእሷ ቋንቋ ነበር። «ምጣዱ እስኪግል ስንት ደቂቃ ይፈጃል?» አለችው። «ሩብ ሰዓት አካባቢ።» «አምስት እንጀራ» አለች። «በየቀኑ ማሟሻ ሳልጋግር አምስት እንጀራ እጥላለሁ ማለት ነው።»

በሳምንት ሰባት ጊዜ ሃያ ሃያ ትጋግር የነበረችው ሴት፣ በሦስት ቀን ጨርሳ ማውጣት ጀመረች፦ ማክሰኞ፣ ሐሙስ፣ ቅዳሜ። አራት ጊዜ ማጋል ቀረ ማለት አንድ ሰዓት ሙሉ፣ በእሷ አቆጣጠር ሃያ እንጀራ ነው። እሷ ስትጨርስም ሶኬቱ አይነቀልም። ደረጃው ላይ ወጥታ «ምጣዱ እንደጋለ ነው!» ትላለች፤ ሊጥ ያላት ጎረቤት ባልዲዋን ይዛ ትመጣለች። እናቶቻችን በአንድ ግቢ ሲኖሩ ያደርጉት የነበረ ነገር ነው፤ እኛ ኮንዶሚኒየም ስንገባ በር ዘግተን ረስተነው ነበር።

እኔ ደግሞ አዋቂ ልሁን ብዬ «ታሪፉ እኮ ብዙ በተጠቀምሽ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ ራሱ ይጨምራል፤ የሰፈሩን ሁሉ እንጀራ በእኛ ቆጣሪ ልትጋግሪ ነው?» አልኳት። ቀና ብላም አላየችኝ። «ዕቁብ አድርገነዋል» አለች። በዚህ ሳምንት እኛ ቤት፣ በሚቀጥለው ሁለተኛ ፎቅ እማማ ጋ፣ ከዚያ አራተኛ ፎቅ። የምጣድ ዕቁብ። በዚህ ዕቁብ ውስጥ የእኔ ድርሻ ባልዲ መሸከም ነው። አንድ ባልዲ ሊጥ አራተኛ ፎቅ ያወጣ ሰው ስለ ኢኮኖሚ ብዙ አይናገርም።

ሱቄም ከምጣዱ ተማረች። የኮፒ ማሽንም ምጣድ አለው፤ ቶነሩን ወረቀቱ ላይ አቅልጦ የሚያጣብቅ ትኩስ ጥቅልል። ለአንዲት ገጽ ስቀሰቅሰው እንደ አዲስ ይግላል፤ የሚበላውም ያኔ ነው። አሁን ተማሪዎቹ በቴሌግራም ይልኩልኛል፤ እኔ አጠራቅሜ ረፋድ ላይ አንድ ጊዜ፣ ማታ አንድ ጊዜ አወጣለሁ። በስልክ ፎቶ የሚያነሳውም ልጅ ለፈተና ሰሞን ተመልሶ መጣ፤ አርባ ገጽ በስልክ ማጥናት ዓይኑን አሞታል። ሀብታም አልሆንንም። ካርዱ ግን አምስት ቀን ያህል ዘግይቶ ማለቅ ጀመረ፤ ሁለቱም በር እስካሁን ክፍት ነው።

አንድ እውነተኛ ግዢም ገዛን። አሮጌው ሸክላ ሲሰበርብን ስስ ያለች ሸክላና በደንብ የሚገጥም አክንባሎ፤ ለሥሩም ያ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ልጅ የማይቃጠል መከለያ አበጀለት። ዋጋውን ስሰማ ሳላስበው «ስንት እንጀራ ነው?» አልኩ። ባለቤቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች።

«ሦስት ቀን»ን አልጣልናትም። ልጁ መልሶ ገጠማትና ሽንት ቤቱ በር አጠገብ ሰካናት። ሌሊት ትንሿ ልጄ ስትነሳ በአረንጓዴዋ መብራት መንገዷን ታያለች፤ መዝፈንም ትታለች። ትናንት ሌሊት የሰፈሩ መብራት ሄደ። ድርግም ሲል ከሽንት ቤቱ ድምፅ መጣ፦

«አባዬ! ደግሞ ጀመርክ?»