አያ ጅቦ ፍርዱን የጨረሰ ለት

ተረት ተረት፤ የላም በረት።

በአንድ ወይና ደጋ አገር አያ ጅቦ የእመት አህዪትን ውርንጭላ ከእናቱ ጎን ነጥቆ በላ። ሲነጋ የተገኘው ሰኮናውና የታሰረበት ገመድ ብቻ ነበር። እመት አህዪት «በሕግ አምላክ!» ብላ ጮኸች። አገሬው ወጣና አያ ጅቦን ያዘው። እንደ ደንቡም የከሳሽና የተከሳሽ ነጠላ ጫፍና ጫፉ ተቋጠረ፤ ቁራኛ ሆነው እስከ ዳኛው ደጃፍ አብረው ተጓዙ። ልጇን ከበላባት ጋር በአንድ ቋጠሮ ታስራ፣ ትንፋሹን እየሰማች ግማሽ ቀን ሙሉ ሄደች። በመንገድ ላይ የተቆጡ ኮርማዎች ሊወጉት ሲመጡ «ለዳኛ ሳላደርሰው አይሞትም» ብላ የመለሰቻቸው ራሷ ናት።

ዳኛው ዝሆን ምስክር ሰምቶ ሰባት ዓመት ፈረደ። እመት አህዪት አነሰኝ ብላ ይግባኝ አለች። ልጅ ለሞተባት እናት ስንት ዓመት ይበቃታል? ይግባኙ ታየ፣ ፍርዱ ጸና፣ አያ ጅቦም ገደሉ ሥር ወዳለው ዋሻ ወረደ።

ሰባቱ ዓመት ሊሞላ ሳምንት ሲቀረው አገሩ ታመሰ። ግልገል ያላት ግልገሏን፣ ጥጃ ያላት ጥጃዋን ቤት ዘጋችበት። ጉባኤ ተጠራ። ቀበሮ ተነሣና «ዓመቱ አለቀ እንጂ ጥርሱ አላለቀም። የማይበላ መሆኑ እስኪረጋገጥ እዚያው ይቆይ» አለ። ሸንጎው አጨበጨበ።

ጦጢት ብቻዋን ቆመች። «ለበላው ሰባት ዓመት ከፍሏል። አሁን የምታስሩት ለየትኛው ውርንጭላ ነው?»

«ገና ላልተወለደው» አለ ቀበሮ፤ ጭብጨባው ከፊተኛው በረታ።

ጦጢት ብቻዋን ብትቀርም የያዘችው ተራ ነገር አይደለም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው የእኛው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 23 ላይ፣ በሕግ መሠረት በመጨረሻ ፍርድ የተቀጣ ሰው ለዚያው ወንጀል እንደገና አይከሰስም፣ አይቀጣም ይላል። አንቀጹ የተጻፈው ለምናዝንለት ሰው ብቻ አይደለም፤ ለምንጠላውም ጭምር ነው።

አያ ጅቦ ውሳኔው ሲነገረው ከዋሻው በር ሆኖ ጠየቀ። «ምን ባደርግ ታምኑኛላችሁ?»

«አህያ ሳትበላ መኖር እንደምትችል አሳየን» አሉት።

«እዚህ አህያ የለም» አለ አያ ጅቦ።

መልስ የሰጠው አልነበረም። ይህ በአራዊት አገር ብቻ የሆነ እንዳይመስላችሁ። እንግሊዝና ዌልስ እ.ኤ.አ. በ2003 ወጥቶ በ2005 ሥራ ላይ በዋለ ሕግ፣ አደገኛ በተባሉ ጥፋተኞች ላይ መጨረሻው ያልታወቀ እስራት ይፈርዱ ነበር። ታሳሪው የተቆረጠለትን ትንሹን ጊዜ ከጨረሰ በኋላ የሚወጣው፣ ለሕዝብ እንደማያሰጋ የአመክሮ ቦርዱን ሲያሳምን ብቻ ነው። ለማሳመን የሚረዳው የተሐድሶ ሥልጠና ደግሞ ለብዙዎች በጊዜው አልደረሳቸውም፤ የአውሮፓ የሰብአዊ መብቶች ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በ2012 ይህንኑ አይቶ መንግሥትን ጥፋተኛ አድርጓል። ከ8 ሺህ በላይ ሰው ይህ ፍርድ ተፈርዶበታል። ይህ ዓይነቱ ፍርድ በዚያው ዓመት ተሻረ፤ መሻሩ ግን ቀድሞ የተፈረደባቸውን ነፃ አላወጣም። ሕጉን ያመጡት የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር ዴቪድ ብላንኬት እንደሚጸጸቱበት ኋላ በአደባባይ ተናግረዋል።

ወደ ተረታችን እንመለስ። «እስኪረጋገጥ ይቆይ» የሚለው ቃል አንዴ ከተለመደ በኋላ ለአያ ጅቦ ብቻ አልቀረም። ዶሮ የሰረቀው ሸለምጥማጥ ጊዜውን ጨርሶ ሳለ ተያዘ። ከዓመታት በፊት አንድ ጥጃ የነከሰ ውሻ ከቤቱ ተወሰደ። በመጨረሻ ጃርት ማንንም ሳይወጋ፣ እሾህ ስላለው ብቻ ገባ። ዋሻው ሲሞላ ጠባቂ አነሰ፤ ከየበረቱ ያሉት ውሾች ሁሉ ወደ ዋሻው በር ተዛወሩ። አገሬው ማታ ማታ ገደሉ ሥር የሚነደውን የዘበኞች እሳት እያየ፣ ተጠብቄያለሁ ብሎ ተኛ።

አንድ ሌሊት የፍየሊት ግልገል ጠፋች።

አገሩ በአውጫጭኝ ተሰበሰበ። በደንቡ መሠረት ትልቅ ትንሹ በአንድ በረት ይገባል፤ ጥፋተኛው እስኪወጣ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። የመጀመሪያው ተጠያቂ «ጅቡ ነው» አለ። ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም «ጅቡ ነው» አሉ። ከዋሻው የመጣው ዘበኛ ውሻ «ጅቡ እኮ ከእኛ ጋር ነው። ሌሊቱን በሩ ላይ ነበርኩ» አለ። ዝም ተባለ። በሁለተኛው ቀን አንዲት ወፍ መጥታ ያየችውን ተናገረች፤ የበላው ነብር ነው። ነብር አንድም ቀን ተከሶ አያውቅም። በጉባኤው ከቀበሮ ጎን ተቀምጦ ሲያጨበጭብ የነበረ፣ የፍየሊት ጎረቤት፣ ግልገሏን ጀርባው ላይ ሲያጫውት የሚታይ ነበር። እኛም ዘንድ ሕፃናትን የሚጎዳው አብዛኛውን ጊዜ የሚያውቁትና የሚያምኑት፣ ቤት ገብቶ የሚወጣ ሰው ነው። ዓይናችንን በዋሻው በር ላይ ስንተክል ከጓዳችን እናነሣዋለን።

ነብር ተፈርዶበት ወረደ። በማግሥቱም ጉባኤው እንደገና ተጠራ። ያን ጊዜ እመት አህዪት ወደ መሐል ወጣች።

«እስከ ዛሬ አንዳችሁም እኔን አልጠየቃችሁኝም» አለች። «በእኔ ልጅ ስም ዋሻ ሞላችሁ። እኔ ጅቡን አልማርኩትም፤ ማሩት ብላችሁ ብትለምኑኝም አልምርም። የምፈልገው ግን ሌላ ነው። የሚወጣበትን ቀን ከሰው አፍ ሳይሆን ከዳኛ አፍ ልስማ። የት እንደሚያድር ልወቅ። ማታ በሬ ላይ ማን እንደሚቆም ንገሩኝ። ውሾቹን በሙሉ ወስዳችሁ እኔን በጨለማ ትታችሁኝ ስታበቁ፣ ጠበቅንሽ ትሉኛላችሁ።»

ዝሆን ይህን ሰምቶ ፈረደ። ፍርዳቸውን ጨርሰው ያለ አዲስ ጥፋት የተያዙት፣ ያለ ፍርድ የገባው ጃርትም ጭምር፣ በዚያው ቀን ተለቀቁ። አያ ጅቦን «ዋስ ጥራ» አለው፤ አጎቱ መጥቶ ጉድጓዱንና መሬቱን አስይዞ ዋስ ሆነ። አያ ጅቦ አንገቱ ላይ ቃጭል ያስራል፤ ከእመት አህዪት ግጦሽ ወዲህ ያለውን ወንዝ አይሻገርም፤ ቢሻገር ስድስት ወር ይታሰራል፤ ቃጭሉ ይቆይ ወይስ ይውለቅ የሚለውን ዳኛ በየሁለት ዓመቱ እሱንም እሷንም ሰምቶ ይወስናል። ከየእርዱ የሚተርፈው አጥንት በየሳምንቱ ከወንዙ ማዶ ይጣልለታል። ውሾቹ ወደየበረታቸው ይመለሳሉ፤ ሌሊቱንም እያንዳንዱ ቤት በተራ ይጠብቃል። ከተያዙት አንዱ፣ አእምሮው ታውኮ ማንንም ሳይለይ የሚናከሰው የአያ ጅቦ ታናሽ ወንድም ግን ወደ ባለመድኃኒቶች ተላከ። እሱም ቢሆን ተረስቶ እንዳይቀር ጉዳዩ በየጊዜው ዳኛ ፊት ይቀርባል።

ጉርምርምታው የመጣው ስለ ጅቡ አልነበረም፤ ስለ ተራ ጥበቃው ነበር። በሬዎች ቀኑን ሲያርሱ ውለው ሌሊት አንቆምም አሉ። በጎች ብርዱን አነሡ። ፍየሊት እንኳ፣ ልጇ በጎረቤት የተበላባት ፍየሊት፣ «ዋሻው ይሻለን ነበር፤ ወጪ የለውም» አለች።

«ወጪማ ነበረው» አላት ዝሆን። «ጃርት ሲከፍልላችሁ ከረመ።»

በሁለተኛው ዓመት አንድ ሌሊት ቃጭሉ ከወንዙ ወዲህ ተሰማ። ተረኞቹ በሬዎች ነበሩ፤ ከበው ያዙት። ማንንም አልነካም። ዳኛ ፊት ሲቀርብ ለሦስት ሳምንት አጥንት እንዳልተጣለለት ተናገረ፤ ተጣርቶም እውነት ሆኖ ተገኘ። ቀበሮ «ዕድሜ ልክ!» ብሎ ጮኸ።

ዝሆን ፍርዱን አነበበ። አጥንቱን የነፈጉት ቤቶች ካሣ እንዲከፍሉ፣ ዋሱም ስላልጠበቀ ከመሬቱ እንዲቀነስበት አዘዘ። ረሃቡ እውነት ቢሆንም ወንዙን ለመሻገር ፈቃድ አይሆንምና፣ አያ ጅቦ ሲለቀቅ አስቀድሞ የተነገረው ስድስት ወር ተፈረደበት፤ ከዚያ የበለጠም ያነሰም አልነበረም። የሚፈታበትንም ቀን ዳኛው ራሱ ከወር በፊት ለእመት አህዪት ነገራት።

ስድስት ወሩ ሲሞላ አያ ጅቦ ቃጭሉን አስሮ ወጣ፤ አጎቱም ዳግመኛ ዋስ ሆነ። የዚያን ሌሊት በእመት አህዪት በር ላይ የጥበቃው ተራ የቀበሮ ነበር።