ቢላ ነስቶ ቢላ መስጠት

ከወር በፊት፣ አንድ ቅዳሜ፣ ቁርጥ ቤት በር ላይ ሰንጢዬን ተቀማሁ። የቀማኝ ሌባ አይደለም፣ ጥበቃ ነው። እጄን ወደ ላይ ሰቅዬ ቆሜያለሁ፤ ወገቤን ዳበሰ፣ ጎኔን ዳበሰ፣ የሱሪዬ ኪስ ላይ ሲደርስ እጁ ቆመ።

«ጋሼ፣ ይቺ ምንድን ናት?»

«ሰንጢ።»

የተሳሳትኩት እዚህ ላይ ነው። «የቁልፍ መያዣ» ብል ምን ነበረበት! ሰንጢ የሚለው ቃል በከተማችን ስሙ ከጠፋ ቆይቷል። ሲነሳ ኪስ የሚቀድ፣ ቦርሳ የሚሰነጥቅ፣ ጨለማ ውስጥ የሚጠብቅ ሰው አብሮ ይነሳል። ብርቱካን መላጥ፣ የካርቶን ፕላስተር መቅደድ፣ የጤፍ ጆንያ ቋጠሮ መፍታት የሚባል ሰላማዊ ኑሮ እንዳለው የሚያስታውስ የለም። ለጥበቃው ላስረዳ ብዬ ክፍሎቿን አንድ በአንድ እያወጣሁ አሳየሁት፤ ይሄ መቀስ፣ ይሄ የቆርቆሮ መክፈቻ፣ ይሄ ወረንጦ። ባወጣሁ ቁጥር ልጁ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይላል። በመጨረሻ «ስለት አይገባም» ብሎ ሰንጢዬን መሳቢያ ውስጥ ወረወራትና ከካርቶን የተቀደደች ቁጥር ሰጠኝ። 14።

ገባሁ። ግማሽ ኪሎ፣ ሻኛ ጣል ተደርጎበት፣ አዘዝኩ። አስተናጋጁ ሥጋውን አመጣ፣ አዋዜውን፣ ሚጥሚጣውን አመጣ፤ ቀጥሎ ከክርኔ እስከ ጣቴ ጫፍ የሚደርስ ቢላ፣ ስለቱን ወደ እኔ አዙሮ፣ ፊቴ አስቀመጠ። «ሥጋ ሰጥቶ ቢላ ነሳ» ሲባል እየሰማን አድገናል። ቢላ ነስቶ ቢላ መስጠትን ግን አበውም አላዩትም። ቀና ብዬ ቤቱን ቃኘሁት። ሠላሳ የሚሆን ሰው ሠላሳ ቢላ ይዟል። ከጎኔ ያለው ጠረጴዛ አራተኛ ቢራው ላይ ደርሶ ስለ ቤት ኪራይ ይከራከራል፤ አንደኛው ሐሳቡን የሚያጠናክረው ቢላውን እየወዘወዘ ነው። ስለት አይገባም!

ቁርጡ ትንሽ ይቆየንና፣ መሳቢያ ውስጥ ስለገባችው ሰንጢ ዘር ማንዘር ላውራችሁ። ካርል ኤልስነር የሚባል ቢላ ሠሪ እ.ኤ.አ. በ1884 ስዊዘርላንድ ውስጥ ኢባክ በምትባል መንደር ሥራ ጀመረ። በዚያው ዘመን የስዊስ ጦር ለወታደሮቹ ሰንጢ ፈለገ። ለጨበጣ ውጊያ እንዳይመስላችሁ፤ የታሸገ ምግብ ለመክፈትና ጠመንጃ ለመፍታት ነው። ጉዱ ግን አገር ውስጥ ያን ያህል የሚያመርት ጠፍቶ የመጀመሪያዎቹ 15,000 ሰንጢዎች የተሠሩት ጀርመን፣ ዞሊንገን ነው። ኤልስነር ይሄ ቆጭቶት በ1891 ራሱ ማቅረብ ጀመረ። በ1897 ደግሞ ትንሽ ስለትና የቡሽ መንቀያ ጨምሮ «የመኮንን ሰንጢ» አላት። ወታደር ጠመንጃ ይፈታል፣ መኮንን ወይን ይከፍታል፤ የማዕረግ ልዩነት ማለት ይሄ ነው። ጦሩ ለመኮንኖቹ ስላላደለ በገዛ ገንዘባቸው ገዟት። እናቱ በ1909 ስታርፍ ስሟን ለምርቱ ሰጠ፤ ቪክቶሪያ። በኋላ የማይዝገው ብረት መጠሪያ፣ ኢኖክስ፣ ተጨመረበትና ቪክቶሪኖክስ ሆነ። እንግዲህ ያ ልጅ መሳቢያ ውስጥ የወረወረው የሰው እናት ስም ነው።

የቡሽ መንቀያው ለእኔ ምን ይሠራልኛል? የእኛ ቤት ጠርሙስ ቆርኪ ነው። በአሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ ቡሽ የነቀልኩበት ሁለት ጊዜ ቢሆን ነው፤ የጫማ ክር ቋጠሮ ግን እንደሱ የሚፈታ የለም። ቤቴ፣ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ፣ ሌሎች አምስት ሰንጢዎች አሉኝ። አንዷ ምናለሽ ተራ የገዛኋት፣ ከመኪና ባሌስትራ የተቀጠቀጠች፣ እጀታዋ ቀንድ የሆነ ናት። ኪስ ውስጥ ስትገባ ሱሪ ታወልቃለች። ባለቤቴ ቆርቆሮውን «የአንተ ጦር ግምጃ ቤት» ትለዋለች። ሽንኩርት ስትከትፍ ቢላዋ ሲደንዝባት ግን ወዴት እንደምትሄድ አውቃለሁ።

አሁን ወደሚያናድደኝ ልምጣ። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ2013 ስለቷ ከ6 ሴንቲ ሜትር የማታልፍ ሰንጢ አውሮፕላን ላይ ትግባ ብለው አስበው፣ የበረራ አስተናጋጆች ተቆጥተው፣ ከሦስት ወር በኋላ ሐሳቡን ተዉት። ከለከሉም ፈቀዱም፣ ቢያንስ ማስመሪያ ይዘው ተከራከሩ። እዚህ ማስመሪያው እግርህ ነው። እኔ በእግሬ ስለመጣሁ ቀበቶዬ ሥር ሳይቀር ተዳበስኩ። ከኋላዬ የመጣች መስታወቷ የጠቆረ መኪና ግን ጡሩንባዋን አንዴ ስትነፋ በሩ ወለል ብሎ ተከፈተ፤ ጥበቃው ሰላምታ ሰጠ። እዚያች መኪና ውስጥ መድፍ ቢኖርስ? ማንም አይጠይቅም! ስለት የሚፈራው የእግረኛ ኪስ ውስጥ ሲሆን ብቻ ነው። «ለደኅንነታችሁ ሲባል» የሚል ጽሑፍ በሩ ላይ ተለጥፏል፤ የእነማን ደኅንነት ከማን እንደሚጠበቅ ግን ከተዳበሰው ሰው በላይ የሚያውቅ የለም። ይሄን ሁሉ ስብሰለሰል ሥጋው ፊቴ ጠቆረ።

በልቼ ስወጣ የምናገረውን አዘጋጅቼ ነበር። ልጁ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ሸንኮራ ይታገላል። በእኔው ሰንጢ።

«ጋሼ፣ አይቆጡኝና፣ ይቺ እኮ አትቆርጥም» አለኝ።

ያዘጋጀሁት ንግግር በሙሉ ጠፋብኝ። ከመቀማቱ ይልቅ ይሄ አሳፈረኝ። በአውራ ጣቴ ስለቷን ሞከርኳት፤ እውነቱን ነው፣ ቅቤም አትቆርጥ። «የቤቱን ቢላዎች የሚስል ሰውዬ ማክሰኞ ማክሰኞ ይመጣል» አለኝ፣ ከሸንኮራው ገምሶ እየሰጠኝ። «ይተዉልኝ፣ ከቢላዎቹ ጋር አብሮ ይስልልዎታል። በነፃ።» ተውኩለት። ልጅ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ቆሞ ይውላል፤ ያን ጽሑፍም የለጠፈው እሱ አይደለም። ሸንኮራውን እያላመጥኩ ወደ ታክሲው ሄድኩ።

ከዚያ ወዲህ አራት ማክሰኞ አልፏል። በሦስተኛው ሄጄ ነበር። ልጁ ወደ ሌላ ሥራ ተዛውሯል፣ በቦታው ያለው ሰውዬ ስለ መሳቢያው የሚያውቀው ነገር የለም፤ ግን ወገቤን ዳበሰኝ። ካርቶኗ እስካሁን ኪሴ ውስጥ ናት። ያያችሁ ካላችሁ፣ ቀይ ናት፣ ጥርስ መጎርጎሪያዋ ጠፍቷል፣ ቁጥሯ 14 ነው። ተስላ ሊሆን ስለሚችል በጥንቃቄ ክፈቷት።