ሙታኑ እንዳይረበሹ

እኛ ሰው ሲሞትብን እንከስራለን። ሠልስት፣ አርባ፣ ሰማንያ፣ ሙት ዓመት እያልን ድንኳን እንተክላለን፤ ንፍሮ ይቀቀላል፣ ጠላ ይጠመቃል፣ ከዕድር ድስትና ወንበር ይመጣል። ሟች ግን ዞር ብሎ እንኳ አያመሰግንም። እንግሊዞች ከዚህ ዕዳ ከተገላገሉ ቆይተዋል። እዚያ አገር ሟች ራሱ ሠርቶ ያበላል። አንገቷን የተቀላች ንግሥት ጭንቅላቷን ብብቷ ሥር ሸጉጣ በሌሊት ደረጃ ትወጣለች፣ ደረጃ ትወርዳለች፤ ሕያዋኑ በር ላይ ቆመው ቲኬት ይቆርጣሉ። ለሟች ተዝካር ማውጣት የኛ ወግ ነው፤ ከሟች ላይ ዕለት ዕለት ተዝካር መብላት ደግሞ የሠለጠነ አገር ወግ።

አን ቦሊንን እንውሰድ። ሄንሪ ስምንተኛ ይህቺን ሚስቱን ታወር በሚሉት የለንደን ግንብ ውስጥ ያስገደላት ሜይ 19 ቀን 1536 ነው (ዘመኑን ሁሉ በእነሱ አቆጣጠር እጠራለሁ፤ ሙታኑም የእነሱ ናቸው)። ባሏ ሆደ ቡቡ ስለነበር በመጥረቢያ እንዳትንገላታ ከካሌ ድረስ ሰይፈኛ አስመጣላት። ከዚያ ወዲህ ሴትዮዋ ዕረፍት የላትም። ታወር ውስጥ ታየች ይላሉ፤ ባደገችበት በሂቨር ግንብም ታየች ይላሉ፤ በየዓመቱ በዚያችው ሜይ 19 ሌሊት ደግሞ ኖርፎክ ውስጥ ወዳለው ብሊክሊንግ ወደሚባል ትልቅ ቤት በሠረገላ ትመጣለች። የራሷን ሙት ዓመት ራሷ ታወጣለች ማለት ነው። ጭንቅላቷ ጭኗ ላይ ነው፤ ፈረሶቹ ጭንቅላት የላቸውም፤ ነጂውም የለውም። (ጭንቅላት የሌለው ሾፌር እኛም ጋ ሞልቷል፤ የኛው ግን ቢያንስ ረዳት አለው።) አንዲት ትንሽ እንከን ብቻ አለች። ዛሬ የምትገባበት ቤት መሠራት የጀመረው በ1616 ነው፤ እሷ ከሞተች 80 ዓመት አልፎ። የወላጆቿ አሮጌ ቤት እዚያው ቦታ ላይ ነበር፣ እሺ ይሁን። ቢሆንም ያለ ዓይን፣ ያለ ጆሮ፣ በማታውቀው ኮሪደር አንድም በር ሳትስት መዞሯ የሚደነቅ ነው። እኔ ባለ ሁለት ዓይኑ የአክስቴ ልጅ አፓርትመንት ውስጥ ሽንት ቤቱን ለማግኘት ሁለት ቀን ፈጅቶብኛል።

ታወርን የሚጠብቁት ዘበኞች ቢያንስ 22 ዓመት በጦር ኃይል ያገለገሉ፣ ከነቤተሰባቸው እዚያው ግንብ ውስጥ የሚኖሩ የታመኑ ሰዎች ናቸው። ስለ ግንቡ ከሚወራው ሁሉ እኔ የምወደው የ1864ቱን ወታደር ታሪክ ነው። ጥበቃ ላይ እያለ ራሱን ስቶ ወድቆ ተገኘ፤ ተኝተሃል ተብሎ በጦር ፍርድ ቤት ተከሰሰ። እሱም ነጭ የለበሰች ሴት መጣችብኝ፣ በሳንጃ ብወጋት ሳንጃው አልፏት ሄደ ብሎ መለሰ። ሌሎችም አይተናል ብለው መሰከሩለት፤ በነጻ ተለቀቀ ተብሎ ይተረካል። የኛ ሰፈር ዘበኛ ይህን ሰበብ ቢያውቅ ኖሮ ስንት ደመወዝ ባልተቆረጠበት!

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ታወር ውስጥ፣ ከቅጥሩ በስተጀርባ፣ በሳር ሜዳው ላይ አንገታቸው የተቀላ ሰዎች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ ንግሥቶች፣ እመቤቶች፣ ታላላቅ ሰዎች። ከአጥሩ ውጭ ባለው ኮረብታ ላይ፣ ሕዝብ እያየ፣ የተገደሉት ከመቶ ይበልጣሉ። ታይበርን በሚባለው ሰፈር ደግሞ ሌባውም፣ ኪስ አውላቂውም፣ ሃይማኖቱን አልቀይርም ያለውም በመቶዎች ዓመታት ውስጥ በሺዎች ተሰቅሏል፤ ዛሬ ምልክቱ መኪና በሚተራመስበት የመንገድ አካፋይ ላይ የተነጠፈች ክብ ድንጋይ ናት። ታዲያ ስማቸው የገነነው መናፍስት የት ነው የሚኖሩት? ቲኬት ከሚቆረጥበት በር ወዲያ። ዳቦ ሰርቆ የተሰቀለ ደሃ ሞቶም ዋጋ አላወጣም። የመጨረሻው የታወር ሟች በ1941 በጥይት የተገደለው ጀርመናዊ ሰላይ ዮሴፍ ያኮብስ ነው፤ ቁርጭምጭሚቱ ተሰብሮ ስለነበር ወንበር ላይ አስቀምጠው ነው የተኮሱበት። እሱ ሲያንዣብብ አየሁ የሚል ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። ሰላይ ነዋ፤ ባይታይ አይፈረድበትም።

ባለፈው ክረምት አክስቴ ልጃቸውን ሊጠይቁ ከጎንደር ለንደን መጡ። ማታ ማታ በግንቡ ዙሪያ ፋኖስ ይዞ ከሚያዞር አስጎብኚ ጋር ወሰድኳቸው። ሰውዬው ጥቁር ካባ ደርቧል፤ ፋኖሱ የባትሪ ነው። አን ቦሊን ጋ ሲደርስ ድምፁን ዝቅ አደረገ፣ ቱሪስቱ ሁሉ ተጠጋጋ፣ አንዷ ልጅ ጮኸች። አክስቴ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አድርገው አማተቡና፣

«ፍትሐት አልተደረገላትም እንዴ?» አሉኝ።

«እኔ እንጃ እቴቴ።»

«ጠይቀው እስቲ። ፍትሐት ያልተደረገላት ነፍስ ናት እንዲህ የምትንከራተት። ቄስ ጠርተው ለምን አያሳርፏትም?»

ተረጎምኩለት። አስጎብኚው ሳቀ፤ ጥሩ ጥያቄ ነው አለና ወደሚቀጥለው ማዕዘን ሄደ። እቴቴ፣ ብታርፍ እኮ ይህ ሰውዬ ሥራ ይፈታል ብላቸው አልገባቸውም። የሞተ ሰው እንዲያርፍ የማይፈልግ አገር አለ ብሎ ማን ይገምታል?

ሳይንሱም ቢሆን ሞክሯል። ቪክ ታንዲ የሚባል የኮቨንትሪ መሐንዲስ አንድ ማታ ላቦራቶሪ ውስጥ ብቻውን ሲሠራ ብርድ ብርድ አለው፣ ላብ አጠመቀው፣ በዓይኑ ጥግ ግራጫ ነገር ውልብ አለበት፤ ዞር ሲል የለም። በማግሥቱ የስፖርት ሰይፉን ሊያበጃጅ ሞርሳ ላይ አስሮት ሳለ ሰይፉ ማንም ሳይነካው ይንቀጠቀጥ ጀመር። ሌላ ሰው ቢሆን ጠበል ይሄዳል፤ እሱ ግን ለካ። አዲስ የተገጠመ ቬንትሌተር በሴኮንድ 19 ጊዜ ያህል የሚርገበገብ፣ ጆሮ የማይሰማው ድምፅ እያወጣ ኖሯል። ቬንትሌተሩ ሲስተካከል መንፈሱም ለቆ ሄደ። ሰውዬው ይህን በ1998 ጽፎ አወጣው። ግን ማን ነው ፋኖስ ይዞ ቬንትሌተር የሚያስጎበኝ? በ2003 የሃምፕተን ኮርት ቤተ መንግሥት የጥበቃ ካሜራ ካባ የለበሰ ሰው የእሳት አደጋ በር ሲዘጋ ቀረጸ፤ ገና በዓል ሊገባ ሲል ምስሉ ለዓለም ታየ። መንፈስ በር ዘግቶ መሄዱ ብቻ ያስመሰግነዋል፤ ግድግዳ አልፎ መሄድ ሲችል።

እኛማ ከንቱ ሆነን ቀረን። ጎንደር ላይ አጼ ኢዮአስ በራስ ሚካኤል ስሑል ትእዛዝ በ1769 ተገደለ። ከዚያ በፊት ታላቁ ኢያሱ የገዛ ልጁ ነግሦ እያለ በ1706 ተገደለ። ይህን የመሰለ ንብረት ይዘን እኔ በሄድኩበት ቀን አስጎብኚው የነገረኝ ስለ ኖራና ስለ ድንጋይ ነው! አንድ ጭንቅላት የሌለው ንጉሥ እንኳ አላቀረበልኝም። እነዚያ ነገሥታት ተፈትቶላቸው፣ ተዝካራቸው ወጥቶ ተኝተዋል። እንዲህ ነው ኪሳራ።

ወደ ዊንድዞር እንሂድ፤ የመጣሁት ለእሱ ነው።

ዊንድዞር ግንብ በመናፍስት የተጨናነቀ ቤት ነው። ሄንሪ ስምንተኛ (ያው ባለ ሰይፉ) የመረቀዘ እግሩን እየጎተተ፣ እያቃሰተ በአጸዱ መተላለፊያ ያልፋል ይባላል። ቀዳማዊት ኤልሳቤጥ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ጫማዋ ቋ ቋ ሲል ይሰማል። አእምሮውን የሳተው ጆርጅ ሦስተኛ በመስኮት ብቅ ይላል። ከግንቡ ውጭ ባለው ደን ደግሞ ሄርን የሚባል ቀንዳም አዳኝ በፈረስ ይጋልባል፤ እሱን ሼክስፒር በአንድ ቧልታይ ተውኔት ውስጥ ጠቅሶት ነበር፣ ቧልቱ ቀረና አዳኙ ደኑ ውስጥ ቀረ። ይህ ሁሉ ሠራዊት ሌሊቱን ሙሉ ሲተራመስ ያድራል፤ ማንም ተረብሼ አደርኩ ብሎ አያውቅም።

በዚያው ግቢ፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ጸሎት ቤት፣ አንድ የኛ ልጅ አለ። ልዑል ዓለማየሁ ቴዎድሮስ። በ1868 መቅደላ ሲወድቅ የሰባት ዓመት ልጅ ነበር። አባቱ ራሱን ገደለ፤ እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ በመንገድ ሞተች፤ እሱ ከተዘረፈው ወርቅና ብራና ጋር ባሕር ተሻገረ። ንግሥት ቪክቶሪያ ወደደችው አሉ። ቼልትንሃም ተማረ፣ ራግቢ ተማረ፣ ሳንድኸርስት ገባ፣ አልሆነለትም፤ በኖቬምበር 1879 ሊድስ ውስጥ በሳንባ ሕመም ሞተ። 18 ዓመቱ ነበር። ንግሥቲቱ ዊንድዞር አስቀበረችውና የነሐስ ሰሌዳ አቆመችለት። ሰሌዳው ላይ እንግዳን ስለ መቀበል የሚናገር የወንጌል ቃል ተቀርጿል። መቀበልስ በደንብ ተቀብለውታል፤ ይኸው መልሰው መስጠት አቃታቸው።

በ2007 የኢትዮጵያ ፕሬዚዳንት አጽሙ እንዲመለስ ያኔ ለነበረችው ንግሥት ጻፉ። ቤተሰቡም ጠየቀ። በ2023 ከባኪንግሃም ቤተ መንግሥት የመጣው መልስ በጣም ጨዋ ነው፤ በአካባቢው ያረፉ ብዙ ሌሎች ሙታንን ሳይረብሹ አጽሙን ማውጣት የሚቻል አይመስልም።

እዚህ ላይ ባርኔጣዬን አነሳለሁ። ሄንሪ እግሩን እየጎተተ ሲያቃስት ያልነቁ ሙታን፣ ኤልሳቤጥ ተረከዟን ስታንቋቋ ያልነቁ ሙታን፣ አንድ ጸጥተኛ ልጅ ሻንጣ እንኳ ሳይዝ ሲወጣ ብርግግ ይላሉ። ምን ዓይነት ቀጭን እንቅልፍ ነው!

እንቅልፉ ደግሞ መርጦ ነው የሚቀጥነው። በ1813 በዚያው ጸሎት ቤት የቻርለስ ቀዳማዊን መቃብር ከፈቱ፤ ሳጥኑን ገልጠው በ1649 የተቀላውን ራስ አንስተው አዩ። ሐኪሙ ሰር ሄንሪ ሃልፎርድ በመጥረቢያ የተቆረጠችውን የአንገት አጥንት ይዞ ወጣ፤ አዎ፣ ወደ ቤቱ። አጥንቷ ወደ ቦታዋ የተመለሰችው በ1888 ነው። ሰባ አምስት ዓመት ሙሉ የንጉሥ አንገት ውጭ አገር እንደሄደ ዘመድ ቀርታ፣ የተረበሸ ሟች አልተመዘገበም። የልዑል ፊሊፕ እናት ልዕልት አሊስ በ1969 ሞታ እዚያው ግቢ በንጉሣውያኑ ዋሻ ተቀመጠች፤ ኑዛዜዋ ኢየሩሳሌም መቀበር ስለነበር በ1988 ወሰዷት። ደግ አደረጉ፤ ኑዛዜ መክበር አለበት። ፊሊፕም ራሱ ከዚያው ዋሻ ወጥቶ በ2022 ከባለቤቱ ከንግሥቲቱ ጎን ተቀመጠ። እርግጥ ነው የእነሱ ማረፊያ ሲፈለግ የሚከፈት ክፍል ነው፣ የልጁ ግን ሙት በሙት ላይ የተደራረበበት ነው ይሉናል። ይሁን። እኔ የምለው፣ ይህን ያህል ሙት ከጎኑ ሲደረድሩ እሱን ይረብሸው ይሆን ብሎ የጠየቀለት ነበር?

ደግሞ ውለታ ቢስ አንሁን። በ2019 የቴዎድሮስ ጸጉር ከአንድ ሙዚየም ተመለሰ፤ በ2023 የልጁም የጸጉር ዘለላ ለኢትዮጵያውያን ተሰጠ። በዚህ አካሄድ በየመቶ ዓመቱ አንድ ጥፍር ቢላክልን አጽሙ ተሟልቶ ይመጣል።

አክስቴን ዊንድዞር የወሰድኳቸው ከታወሩ በኋላ ባለው ቅዳሜ ነው። ሰሌዳው ፊት ቆሙ። ማንበብ አልቻሉም፤ ስሙን አነበብኩላቸው። በመዳፋቸው ሊነኩት እጃቸውን ዘረጉ፣ አጠገባችን የቆሙት አስጎብኚ ሴት በትሕትና እንዳይነኩ ጠየቁ። አክስቴ እጃቸውን መልሰው ሳሙት።

«መቼ ነው የሚሄደው?» አሉ።

አስጎብኚዋ፣ እንደማይሄድ፣ ስፍራው የዕረፍት ስፍራ እንደሆነ፣ ሌሎቹ እንዳይረበሹ እንደሚታሰብ አስረዱ። ተረጎምኩ። አክስቴ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ያዘኑላቸው ይመስላሉ።

ስንወጣ የማስታወሻ ዕቃ ሱቅ ውስጥ ገቡ። ሆዳሙን፣ ባለ ቀይ ጺሙን ሰውዬ የያዘ የፍሪጅ ማግኔት አንስተው ወደ መነጽራቸው አስጠጉት።

«ይህ ማነው?»

«ሄንሪ ነው እቴቴ። ያ ሚስቱን ያስገደለው። እሱም እዚሁ ነው የተቀበረው፤ ማታ ማታ እግሩን እየጎተተ ይዞራል ይላሉ።»

ማግኔቱን ቀስ ብለው ቦታው መለሱት።

«ይህ ድውይ ይዞራል፤» አሉ፣ «ልጁን ማን አስሮት ነው?»