ኤዶ የማይነግሩኝ ቅመም

የሾርባ ኩብ መጠቅለያ ማንበብ የጀመርኩት መነጽር ከገዛሁ በኋላ ነው። እስከዚያ ድረስ ወጤም እኔም ሰላም ነበርን። መነጽሩ እንደመጣ ግን “621” የሚል ቁጥር ተገለጠልኝ፤ ከጎኑ የቀለም ቁጥር፣ ከሥሩ ደግሞ “ዶሮ መሳይ ጣዕም”። መሳይ! ዶሮዋ በአጠገቡም አላለፈችም ማለት ነው።

በጣዕም ማጉያው በ621 ላይ ግን አልፈርድም። ጃፓናዊው ኪኩናኤ ኢኬዳ በ1908 እ.ኤ.አ. ከባሕር አረም ሾርባ ለይቶ ያወጣው ነገር ነው፤ ዘመዱ በበሰለ ቲማቲም ውስጥም ሞልቷል። በቁጥርም ቢሆን ስሙን አስመዝግቦ ነው የገባው። እኔን የሚያስፈራኝ ሳይመዘገብ የገባው ነው። አዲስ አበባ በርበሬ ከሸክላ ዱቄት ጋር ሲቀላቀል ተያዘ የሚለውን ዜና ያልሰማ የለም። ፈረንጁም አልተረፈም፤ በ2005 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ አገር ሱዳን ቀይ የሚባል የኢንዱስትሪ ቀለም በሚጥሚጣ ዱቄት ተሸሽጎ ገብቶ በመቶ የሚቆጠሩ የምግብ ዓይነቶች ከመደርደሪያ ወርደዋል።

መፍትሔው ዛላ ነው። ከሸክላ ዱቄት መሥራት ቀላል ነው፤ ከሸክላ ዛላ በርበሬ የሠራ ብልጥ ግን እስካሁን አልተሰማም። ስለዚህ ሀርጌሳ፣ ማሕሙድ ሃይቤ ሰፈር በተከራየሁበት ግቢ የራሴን በርበሬ ላዘጋጅ ቆረጥኩ። የማረቆ ነው የተባለ ዛላ በድንበሯ ከተማ በቶጎ ውጫሌ በኩል አስመጣሁ፤ ቀነጠስኩት፣ ከነጭ ሽንኩርትና ከዝንጅብል ጋር ደለዝኩት፣ ግቢው ውስጥ አሰጣሁት። የሀርጌሳ ፀሐይ ለዚህ ሥራ የተቀጠረች ትመስላለች።

የሀርጌሳ ፍየልም እንዲሁ። ካርቶን አጣጥማ የምትበላ ፍጥረት ናት። አንዷ ገብታ አንድ አፍ ጎረሰች፣ ቆመች፣ አሰበች፣ ከዚያ እኔን በትዝብት አየችኝና ወደ ካርቶኗ ተመለሰች። ከዚያ የተሻለ የጥራት ቁጥጥር ከየት ይመጣል?

ችግሩ የተነሳው ሳምሰው ነው። ግቢው በሙሉ አስነጠሰ። አከራዬ ኤዶ (በሶማልኛ አክስት እንደማለት ነው) አፍንጫቸውን በሻሻቸው ይዘው ብቅ አሉ።

“አንተ ልጅ፣ ጦርነት ነው?”

ሴትዮዋ ጦርነት ያውቃሉ። በ1988 እ.ኤ.አ. ሀርጌሳ በአውሮፕላን ስትደበደብ ሸሽተው ሀርተሼክ ካምፕ የገቡ፣ አማርኛቸውንም ጅጅጋ የቀሰሙ ናቸው። በርበሬ መሆኑን ስነግራቸው ረጋ አሉ፤ ለምን ከሱቅ እንደማልገዛ ሳስረዳቸው ግን ሳቁብኝ። እሳቸው የተፈጨ ነገር ገዝተው አያውቁም። ሀዋሽ የሚሉትን የቅመም ድብልቅ የሚያዘጋጁት ራሳቸው ናቸው፦ ከሙን፣ ድንብላል፣ ቁንዶ በርበሬ፣ ቀረፋ፣ ሄል፣ ቅርንፉድ፣ እርድ።

“ስንት ስንት ነው የሚገባው ኤዶ?”

“እስኪበቃው።”

“መቼ ነው የሚበቃው?”

“ሲበቃው ይነግርሃል።”

ሰባቱንም ገዛሁ፣ አመስኩ፣ ወቀጥኩ። (ወፍጮ ቤት መውሰዱን ትቼዋለሁ። በርበሬዬን የወሰድኩ ጊዜ ከኔ በፊት እርድ ተፈጭቶበት ኖሮ የመጀመሪያው ጣሳ የወጣው ብጫ ሆኖ ነው።) ሀዋሼ ሽታው ግሩም ነው። ሱቃር የሚሉትን የሥጋ ጥብስ ሠራሁበት፤ ሥጋው ሥጋ፣ ቅመሙ ቅመም፣ ግን የኤዶ አይደለም። የሆነ ነገር ይጎድለዋል።

“ስምንተኛው ምንድነው ኤዶ?”

“ወላሂ ስምንተኛ የለም” አሉ፤ ይህን ሲሉ ግን ዓይናቸው በሩን ነበር የሚያየው።

እዚህ ላይ የኩቡን ፋብሪካ ሳላደንቅ አላልፍም። ቢያንስ በጉንዳን ፊደል ይጽፋል። የኤዶን ቋት ለማንበብ ምን ዓይነት መነጽር ይሠራልኛል? ሴት ልጃቸውን ጠየቅኋት፤ ለእሷም የሚነግሯት ስታገባ እንደሆነ ነገረችኝ። አግብታለች እኮ፣ ሦስት ልጆች አሏት! “እናቴ ገና እርግጠኛ አይደለችም” አለችኝ።

ባለፈው አንድ ብልቃጥ በርበሬ ላክሁላቸው። ወደዱት። በማግስቱ ምን ምን እንዳለበት ሊጠይቁኝ መጡ። ነጭ ሽንኩርቱን፣ ዝንጅብሉን፣ በሶብላውን፣ ጥቁር አዝሙዱን፣ ጨውን ዘረዘርኩ። ኮረሪማው ላይ ስደርስ አሳለኝ።

“ሌላስ?” አሉ ኤዶ።

“ወላሂ ሌላ የለም።”

ቆመው በሩን እስካይ ጠበቁኝ። አሁን ድርድር ላይ ነን፤ መጀመሪያ ማን ይናገር የሚለው ላይ አልተስማማንም። ልጃቸው ሽማግሌ ልሁን ብላለች፤ ሁለታችንም አላመንናትም።